የሱሁሩ ኪኒን

ያኔ ለጥያቄ ቶሎ መልስ የምሰጥ ሰው ነበርኩ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የፋርማሲ ባለሙያ ነበርኩ። ደንበኛው ጠይቆ ሳይጨርስ መልሱን ከነመድኃኒቱ አቀብለዋለሁ። ከፋብሪካ ፈረቃ የሚወጡ ሴቶች ሰልፉ ሲረዝምባቸው «መዲና ትምጣልን፣ እሷ አታቆይም» ይሉ ነበር። ይህን ስሰማ አንገቴ ቀና ይላል። ምን ላድርግ፣ ደስ ይለኛላ።

በዚያ ዓመት ሁለት በር ተከፈተልኝ። አንዱ ደሴ የሚገኝ የግል ኮሌጅ ያወጣው የተፋጠነ የፋርማሲ ዲግሪ ነው። ዲፕሎማ ያለው ሰው ቅዳሜና እሁድ ብቻ እየተማረ፣ ቀደም ሲል የወሰዳቸው ትምህርቶች እየተያዙለት፣ በሁለት ዓመት ተኩል ይመረቃል። ሥራዬን አለቅም፣ ደመወዜም አይቋረጥም። ሌላው መደበኛው ነው፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተፈትኜ አልፌ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አሥራ ሁለተኛን ገና ከጨረሱ ልጆች ጋር፣ ከሀ ጀምሮ። ዕድሜዬ ሃያ ስምንት ነው። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያለችው እናቴ ደግሞ የምትኖረው በእኔ ደመወዝ ነው።

እስቲ እናንተው ፍረዱ፣ ይሄ ምርጫ ይባላል? እኔ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩበትም። የተፋጠነውን ቅጽ ሞልቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቅጹ ላይ የሚያዙልኝ ትምህርቶች በዝርዝር ተጽፈዋል፤ ከሁሉም በላይ «ፋርማኮሎጂ» የሚለው ነበር፣ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ የሚያስተምረው። አጠገቡ «ተይዟል» የሚል ማኅተም አለበት። በጣም ከባዱ ትምህርት እሱ ነው ይባል ስለነበር ማኅተሙን ሳይ ጮቤ ረገጥኩ።

ቅጹን የመድኃኒት ቤታችን ባለቤትና ፋርማሲስት ለሆነው ለጋሽ ተፈራ አሳየሁት። ጋሽ ተፈራ ጸጉሩ የሸበተ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አነበበውና፣

«ፋርማኮሎጂን ያዙልሽ?» አለኝ።

«ያዙልኝ።»

«ታውቂዋለሽ ማለት ነው?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ስሸጠው የኖርኩትን መድኃኒት እንዴት አላውቀውም ጋሼ?»

«መሸጥሽንማ አይቻለሁ» አለና ሳቀ። ተቀየምኩት። እንደ እሱ ለመማር አምስት ዓመት የፈጀ ሁሉ በእኛ ላይ ይኮራል ብዬ ለባልደረባዬ አማሁት።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሸህ ሙሄ መጡ። ሸህ ሙሄ የደሴ ዙሪያ ገበሬ ናቸው፤ ካሮትና ቀይ ሥር ያመርታሉ። ስኳር ከያዛቸው ቆይቷል። የጾሙን ወር የሚያሳልፉት ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ከምትሠራው ልጃቸው ከራቢያ ጋር ስለሆነ ኪኒናቸውን ከእኛ ነው የሚወስዱት። እኔን ይወዱኛል፤ ሌላ ሰው ካስተናገዳቸው ተራቸውን ለቀው እኔን ይጠብቃሉ።

«አንች ልጅ፣ ጾሙ መጣ። ይችን ኪኒን ጠዋት ሁለት፣ ማታ አንድ ነው የምውጣት። እንግዲህ ጠዋት አልበላ፤ እንዴት ላድርጋት?»

«ቀላል ነው ሸህዬ። የጠዋቱን ሁለቱን ጎህ ሳይቀድ በሱሁር፣ የማታውን አንዱን ጾም ሲፈቱ በኢፍጣር።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«አላህ ያክብርሽ። ሐኪም ቤት ብሄድ ቀኑን ሙሉ ይገትሩኝ ነበር» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ከኋላ የቆሙትም ሰዎች አልቆዩም፤ የሰጠሁት መልስ ሃያ ሴኮንድ አልፈጀም። ይህን መልስ የፈጠርኩት ደግሞ እኔ አይደለሁም፤ በየዓመቱ ረመዳን ሲገባ በየመድኃኒት ቤቱ የምንለው ነው። የጠዋቱን በሱሁር፣ የማታውን በኢፍጣር። ለምን ብሎ የጠየቀን ሰው አልነበረም፤ እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም።

የጾሙ አራተኛ ቀን የኮሌጁ ምዝገባ የመጨረሻ ቀን ነበር። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የሚመዘግቡት። ጋሽ ተፈራ መድኃኒት ሊያመጣ ደሴ ወጥቷል፤ እኔም ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጋዋኔን አውልቄ፣ ባንኮኒውን ለባልደረባዬ አስረክቤ፣ ቦርሳዬን አንግቤ ልወጣ ስል ራቢያ እየሮጠች ገባች። የፋብሪካ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

«መዲና! አባቴን ስኳሩ ተነስቶበታል! ያላበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የማይሆን ነገር ያወራል። እባክሽ ኪኒኑን ጨምሪልኝ፣ ቤት ያለችዋን አንድ ፍሬ ላስውጠው ነው!»

እኔም የለመድኩትን አደረግሁ። እጄ ወደ መደርደሪያው ሄዶ የኪኒኑን ፓኬት አነሳ። ምንም አልጠየቅሁም። አንድ ነገር ብቻ፣ አላህ ሲረዳኝ፣ ቤታቸው ወደ ሚኒባስ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ «ነይ፣ አብሬሽ አያቸዋለሁ» አልኩና የስኳር መለኪያ መሣሪያውንም ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩ።

ሸህ ሙሄ መደብ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸው ከገላቸው ጋር ተጣብቋል። ዓይናቸው እኔን ያያል፣ ግን አያውቀኝም። «ከብቶቹን መልሷቸው፣ ማሳው ውስጥ ገቡ» ይላሉ። ራቢያ በአንድ እጇ ውኃ፣ በአንድ እጇ ኪኒን ይዛ ተንበረከከች።

«አባ፣ ይህችን ዋጣት። ወላሂ ስኳርህ ነው።»

ሽማግሌው አፋቸውን ግጥም አደረጉ። ራሳቸውን ባያውቁም ጾም ላይ መሆናቸውን አልረሱም። ራቢያ ብትለምን፣ ብታለቅስ፣ ጥርሳቸውን አልከፍት አሉ። እኔ ደግሞ «ያዣቸው፣ እኔ ላስውጣቸው» ብዬ ጠጋ ብዬ ነበር። ጣታቸውን ይዤ ለመለካት የወሰንኩት ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ነው።

መሣሪያው ሠላሳ ስምንት አለ።

ሁለት ጊዜ አየሁት። ሰው መድኃኒት ቤት መጥቶ ስኳሬ ሦስት መቶ ገባ ሲል ለምጃለሁ። ሠላሳ ስምንት አይቼ አላውቅም። ስኳራቸው አልተነሳም፤ ሊያልቅ ነው። እኔ የያዝኩት ፓኬት ደግሞ ስኳርን የሚያወርድ ኪኒን ነው። ያንን ኪኒን በዚያች ሰዓት ቢውጡት ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን ታሪክ የምናገርበት አንደበት አይኖረኝም ነበር። ያዳናቸው ጾማቸው ነው።

ጋሽ ተፈራ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሸህ ሙሄ ሠላሳ ስምንት ናቸው።»

ቀልዱ ሁሉ ከድምፁ ጠፋ። «ይውጣሉ?»

«አፋቸውን አልከፍት ብለዋል።»

«ውኃ እንዳታፈሺባቸው፣ ትን ይላቸዋል። ማር አለ? በጣትሽ ጉንጫቸው ውስጥ ቀቢው፣ ድዳቸው ላይ እሺው። በጎናቸው አስተኚያቸው። ስልኩን እንዳትዘጊ!»

ራቢያ ማር አመጣች። እጇ ከንፈራቸው ላይ ሲደርስ ግን ቆመች።

«መዲና፣ ጾሙን ላስፈታው? ሲነቃ ምን እለዋለሁ?»

«አላህ ለታመመ ፈቅዷል በይው! ቀቢው ራቢያ!»

ቀባችው። እኔም ቀባሁ። ደቂቃው አልሄድ አለ። ከጎረቤት የሚሰማው የቁርዓን ድምፅና የሽማግሌው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ትንሽ ቆይተው ምላሳቸውን አንቀሳቀሱ፤ ከዚያ ዋጡ። በስኳር የበጠበጥነውን ውኃ በማንኪያ ስንሰጣቸው ተቀበሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዓይናቸው መለስ አለና እኔን አዩኝ።

«መዲና... ምን ሆኜ ነው?» ከዚያ ከንፈራቸውን በምላሳቸው ነካኩና ፊታቸው ተለወጠ። «ረቢ! ጾሜን አስፈታችሁኝ?»

እንባቸው ወረደ። ራቢያም እያለቀሰች ጉልበታቸውን ሳመች። ለካሁ፤ ሰማንያ አንድ። ከደስታዬ ብዛት የማደርገው ጠፋኝ። ሰዓቴን ሳይ ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ለመድረስ ጊዜ አለኝ። ቦርሳዬን አነሳሁ።

«ሂጅ ልጄ፣ ሂጅ። ጉዳይ እንዳለሽ ያስታውቃል። እኔ ደኅና ነኝ፣ አብሽሪ» አሉኝ ሸህ ሙሄ።

በሩ ላይ ቆሜ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። «ጋሼ፣ ተሻላቸው። ሰማንያ አንድ ገብተዋል። እኔ ልውጣ።»

«ቆይ። ኪኒኑን መቼ ነው የወሰዱት?»

«በሱሁር።»

«ስንት?»

«ሁለት።»

«ሁለት ኪኒን ውጠው ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ? ማነው እንዲህ ያላቸው?»

መልስ አልሰጠሁም። እኔ፣ ለሁሉም መልስ ያለኝ ሰው። እሱም ገባው መሰለኝ፣ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«መዲና፣ ይህ ኪኒን ሰውነት ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?»

ስድስት ዓመት ሽጨዋለሁ። ዋጋውን አውቃለሁ፣ የየትኛው አገር ምርት እንደሆነ አውቃለሁ፣ በየትኛው መደርደሪያ እንደሚቀመጥ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ።

«አላውቅም» አልኩት።

«ማሩ በቶሎ ያልቃል፣ ኪኒኑ ግን ገና እየሠራ ነው። እሳቸው ባዶ ሆድ ናቸው፣ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ተመልሶ ይወርድባቸዋል። ሆስፒታል ይግቡ፣ አሁኑኑ።»

ራቢያ አባቷ ስቀው እያወሩ «ተመልሶ ይወርዳል» ስላት አላመነችኝም። እሳቸውም «እኔ እንዲህ ደኅና ሆኜ ሆስፒታል ምን ሊያደርግልኝ?» አሉ። ተቆጣኋቸው። ሸህን የሚያህል ሰው! «ሸህዬ፣ ሊነሱ ነው ወይስ ልሸከምዎት?» አልኳቸው። ባጃጅ ጠርተን፣ የማሩንም ዕቃ ይዘን፣ እኔና ራቢያ ግራና ቀኝ ይዘናቸው ተቀመጥን።

የምጽፍበት ወረቀት ስላልነበረኝ ከቦርሳዬ ያገኘሁትን አወጣሁ፤ የኮሌጁ ቅጽ ነው። ጀርባው ላይ ሰዓቱንና ልኩን ጻፍኩ። ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠላሳ ስምንት። ዘጠኝ ከሃያ አምስት፣ ሰማንያ አንድ። ባጃጁ ትልቁ መንገድ ላይ ከከባድ መኪኖች ኋላ ተይዞ ቆመ። ሸህ ሙሄ ስለ ካሮት ዋጋ ለባጃጅ ነጂው እያወሩ ነበር። ወሬያቸው እየተጎተተ መጣ። ከዚያ ከብቶቹን ጠሩ። ከዚያ ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

ለካሁ። አርባ አንድ። ጻፍኩት። ራቢያ ጮኸች። እኔ ጉንጫቸው ውስጥ ማር እየቀባሁ ለነጂው «በእግረኛ መንገዱም ቢሆን ውጣና ሂድ!» አልኩት። ወጣና ሄደ።

ሆስፒታል ስንደርስ በደም ሥራቸው ግሉኮስ ሰጧቸው። ወጣት ሴት ሐኪም ነበረች የተቀበለችን። ወረቀቴን ከእጄ ወስዳ አነበበችው፣ «ይሄ በጣም ጠቅሞናል» አለችና ከካርዳቸው ጋር አያያዘችው። ቅጼ እዚያው ቀረ። አልጠየቅኋትም፤ ስታያይዘው ግን ፊቱ ወደ ላይ ዞሮ «ፋርማኮሎጂ፣ ተይዟል» የሚለው ማኅተም አፈጠጠብኝ።

ሸህ ሙሄ ሙሉ በሙሉ ከነቁ በኋላ ሐኪሟ ጠየቀቻቸው። «አባቴ፣ የጠዋቱን ኪኒን በሱሁር ይውሰዱ ያለዎት ማነው? ትልቁ መጠን ከመጾምዎ በፊት መወሰድ አልነበረበትም። ጭራሹን መጾም ይችሉ እንደሆነም ከረመዳን በፊት መታየት ነበረብዎት።»

ሽማግሌው ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ወደ ጣሪያው።

«ማንም አላለኝም። እኔው ከራሴ ነው» አሉ።

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አፍሬ አላውቅም። ከእሳቸውና ከጋሽ ተፈራ በቀር ማንም አያውቅም። ራቢያ እንኳ አታውቅም። ዝም ብል ያልፋል። ግን እኒህ ሰው ሞት ፊት ሆነው እንኳ ጾማቸውን ላለመፍታት ጥርሳቸውን የነከሱ ናቸው፤ አሁን በረመዳን ለእኔ ሲሉ ዋሹ።

«እኔ ነኝ ያልኳቸው» አልኩ። «መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። እኔ ነኝ። ሸህዬ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ራቢያ ዞር ብላ አየችኝ። እጄን ይዛ የነበረውን እጇን ለቀቀች። ሸህ ሙሄ ዓይናቸውን ጨፍነው፣

«አውፍ ብያለሁ። ደግሞም አንችው ነሽ እዚህ ያመጣሽኝ» አሉ።

ያን ቀን ሆጤ የደረስኩት ለኢፍጣር ነው። እናቴ የመጀመሪያዋን ተምር ሳልጎርስ «የምሥራች!» አለችኝ። «ከኮሌጁ ደውለው ነበር፤ ምዝገባው እስከ ሰኞ ተራዝሟል። ዱዓዬ ሰመረ!»

አያችሁ? በሩ አልተዘጋብኝም። ሰኞ ሌላ ቅጽ ሞልቼ መግባት እችል ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳትና መደበኛውን አምስት ዓመት እንደምማር ነገርኳት። እናቴ ሾርባዋን አስቀመጠች።

«ለአንድ ኪኒን ብለሽ አምስት ዓመት?»

«ለአንድ ኪኒን አይደለም እማ። ስድስት ረመዳን ሙሉ ስንቱን ሰው በሱሁር ውሰዱ እንዳልኩ አላውቅም። ማን ምን እንደሆነ አላውቅም። ተመልሶ ያልመጣ ደንበኛ ሲኖር ሌላ መድኃኒት ቤት ሄደ ነበር የምለው።»

ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን «ለኢፍጣር ሳምቡሳ እየጠበስኩ ብሸጥ ማን ይከለክለኛል?» አለች፤ በእሷ ቋንቋ እሺ ማለቷ ነው። ጋሽ ተፈራም ቅዳሜና እሁድን እንድሠራ ፈቀደልኝ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ ነበረኝ። የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ደንበኞቻችንን ስልክ አንድ በአንድ እየፈለግሁ ደወልኩ። «ባለፈው የነገርኩዎት ስህተት ነው፣ ሐኪም ሳያዩ አይጹሙ» እያልኩ። አንዳንዱ መረቀኝ፣ አንዱ ሰውዬ ሰደበኝ። ሁለቱንም ተቀበልኩ።

አሁን አራተኛ ዓመት ነኝ። ክፍል ውስጥ ልጆቹ «እትዬ» ይሉኛል፤ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፣ አሁን ማስታወሻ የሚበደሩት ከእኔ ስለሆነ ደስ ይለኛል። ያንን ኪኒን የተማርን ቀን መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሰዓትን ከታች ጽፎ አንድ መስመር ሠራ፤ የሚወጣ፣ ከዚያ ቀስ እያለ የሚወርድ። ሁሉም ገለበጠው። እኔ ግን መስመሩን እያየሁ «እዚህ ጋ ባጃጅ ውስጥ ነበርን» አልኩ በልቤ። እንባዬ መጣ። ብዕሬን አስቀምጬ እስኪያልፍልኝ ጠበቅሁ።

የተፋጠነውን መንገድ አታንቋሽሹ፣ እኔም አላንቋሽሸውም። ያንን ተምረው ከእኔ የሚበልጡ ጓደኞች አሉኝ፤ የሚያዝላቸውን ትምህርት በእርግጥ ያውቁት ነበር። እኔ አላውቀውም ነበር፣ ልዩነቱ ይሄው ነው። የምትመርጡ ወጣቶች ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ስንት ዓመት ይፈጃል ብላችሁ ብቻ አትቁጠሩ። የሚያዝላችሁን ትምህርት ዝርዝር ይዛችሁ ብቻችሁን ቁጭ በሉና እያንዳንዱን ታውቁት እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ማኅተሙን ሳይሆን ራሳችሁን።

ሸህ ሙሄ ያን ዓመት አልጾሙም፤ ሐኪሟ ከለከለቻቸው። አለቀሱ፣ ግን በየቀኑ አንድ ችግረኛ እያበሉ ወሩን ጨረሱ። ኪኒናቸውም ተቀይሯል። ራቢያ እስኪወጣላት ዓመት ፈጀባት፤ አሁን ግን ሰላም ነን። ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ የእኔ ተራ በሆነ ቅዳሜ፣ ሸህ ሙሄ ሐኪሟ እንዲጾሙ ፈቅዳላቸው ማዘዣዋን ይዘው መጡ። የፋብሪካ ሴቶች ከኋላቸው ተሰልፈዋል። ማዘዣውን አነበብኩ። አዲሱን ኪኒን መቼ እንደጀመሩ ጠየቅኋቸው፣ ምን በልተው እንደሚያድሩ ጠየቅኋቸው፣ ቢያልባቸው ወይም ቢንቀጠቀጡ ጾሙን ፈትተው ምን እንደሚያደርጉ እሳቸው ራሳቸው መልሰው እንዲነግሩኝ አደረግሁ። ከኋላ የቆመች አንዲት ሴት «ኧረ እኛ ሥራ አለብን!» ብላ አጉረመረመች።

ሸህ ሙሄ ወደ ሴትዮዋ፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩና ፈገግ አሉ።

«አንች ልጅ፣ ዱሮ እንዲህ ሰው አታቆይም ነበር።»

«አዎ ሸህዬ» አልኳቸው። «አሁን አቆያለሁ።»